አብረን እንውጣ

ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ዋልያዎቹ ግብፅን 2 ለ 0 ሲያሸንፉ ከእኛ ክፍል ያላየ የለም። የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ነበር። ባለሜዳዋ ኢትዮጵያ ብትሆንም፣ መስፈርቱን የሚያሟላ ስታዲየም አገር ቤት ስላልነበረ ጨዋታው የተካሄደው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው። እኛም እዚሁ ራስ ዲካ በአንድ ቴሌቪዥን ፊት ተጠጋግተን ተቀመጥን። ዳዋ ሆቴሳ በ21ኛው፣ ሽመልስ በቀለ በ40ኛው ደቂቃ ሲያገቡ ጩኸታችን ጎረቤቱን ሁሉ ከቤት አስወጣ። ሳላህ አልተሰለፈም ነበር፤ ቢሆንም ግብፅ ዋንጫውን ሰባት ጊዜ የወሰደች አገር ናት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በትምህርት ቤታችን ሜዳ ሁላችንም አሰልጣኝ ውበቱ አባተን ሆንን። የእሳቸው ዋልያዎች ኳስን በአጭር ቅብብል ይዘው መጫወት ይወዱ ነበር። ሲነጠቁም ወደ ኋላ ሸሽተው ከመጠበቅ ይልቅ እዚያው በተጋጣሚ ሜዳ ጫና ፈጥረው ለማስመለስ ሲሞክሩ አይተናል። እኛ የገባን ግን ግማሹ ብቻ ነው፤ እሱም መሮጡ።

በ2016 የክፍሎች ውድድር ላይ ኳስ ወዳለበት ሁላችንም ሮጥን። ተጋጣሚዎቻችን በሁለት ቅብብል አለፉን። ከኋላችን ያለው ሜዳ ባዶ ስለነበር በረኛችን ብቻውን ሦስት ሦስት ልጅ ይመጣበት ነበር። 5 ለ 1 ተሸነፍን። ጥፋቱን ሁሉ በእሱ ላይ ጫንን፤ አንዳንዶቻችን እዚህ ለመጻፍ የማይመች ቃል ተናገርን። ጓንቱን አውልቆ ለሌላ ልጅ ሰጠና ሄደ። ከዚያ በኋላ ሜዳ አልመጣም።

ሰኔ 2 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ልክ በሁለት ዓመቱ፣ ኢትዮጵያና ጅቡቲ በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ሞሮኮ ላይ ተገናኙ። ከጅቡቲያውያን ጎረቤቶቻችን ጋር ተቀላቅለን ስናይ እሱም ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር። ዋልያዎቹ ላይ ጎል ሲገባ ከመካከላችን አንዱ "ይሄ በረኛ!" አለ። እሱ ዞር ሳይል "ከፊቱ ማን ነበር?" ሲል ጠየቀ። ማንም አልመለሰም። ጨዋታው 1 ለ 1 አለቀ። ጎረቤቶቻችን ሲጨፍሩ እኛ አንገታችንን ደፍተን ነበር፤ በውጤቱ ግን አልነበረም።

በማግስቱ ነገሩን ለስፖርት መምህራችን አጫወትናቸው። ቆርኪ ሰብስበው አሸዋ ላይ ደረደሩ። "አጥቂ ብቻውን ከሄደ ጫና አይባልም፤ ሩጫ ነው" አሉን። አጥቂው ወደፊት ሲሄድ አማካዩ ይከተለዋል፤ ተከላካዩ ወደ መሐል ሜዳ ይጠጋል፤ በረኛውም ከግቡ ወጣ ብሎ ከተከላካዮቹ ኋላ ያለውን ባዶ ቦታ ይጠብቃል። ደግሞ ሁልጊዜ አይወጣም። ጊዜው ተጋጣሚ ኳስ ወደ ኋላ ሲመልስ፣ ኳሷ ከእግሩ ስታመልጠው ወይም በመስመር ጥግ መውጫ ሲያጣ ነው። በሌላው ጊዜ ተሰብስቦ መተንፈስ ያስፈልጋል፤ በጅቡቲ ወበቅ ደግሞ የግድ ነው። በ2014ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ዋልያዎቹ በ4ኛው ደቂቃ ካሜሩን ላይ ቀድመው አግብተው 4 ለ 1 መሸነፋቸውን፣ ከአራቱ ጎሎች ሦስቱ ከእረፍት በኋላ መግባታቸውን አስታወሱን።

ያን ዕለት ማታ ቤቱ ድረስ ሄደን ይቅርታ ጠየቅነው። እናቱ ሻይ አፈሉልን። እሱ ግን ቶሎ አልታረቀንም፤ "አያለሁ" ብቻ አለ። በሳምንቱ ጓንቱን አድርጎ መጣ።

ዘንድሮ "ውጡ!" ብሎ የሚጮኸው እሱ ነው፤ ሜዳውን ሁሉ የሚያየው እሱ ነውና። ስንዘገይ ይቆጣናል፤ እንሰማዋለን። ውድድሩን አላሸነፍንም፤ በግማሽ ፍጻሜ 2 ለ 1 ወደቅን። ማንም ማንንም ግን አልወቀሰም። መጋቢት ላይ ዋልያዎቹ ጅቡቲን 6 ለ 1 ሲያሸንፉም ደስ አለን፤ ለጅቡቲው በረኛ ግን አዘንን።

ክረምት ሲገባ ከእኛ አንዳንዱ አዲስ አበባ፣ አንዳንዱ ድሬዳዋ ይሄዳል፤ ሌሎቻችን እዚሁ እንቀራለን። ታናናሾቻችን፣ ሜዳውን ለእናንተ ለቀናል። በረኛችሁን ብቻውን አትተዉት።