«ጭቃ ቤትማ አልገባም!»

ከደባርቅ ወደ ሳንቃ በር የምትወጡ ልጆች ጋቢ እንዳትረሱ። ካምፑ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር ከፍ ይላል፤ ቀን ፀሐዩ ይጋግራል፣ ሌሊት ብርዱ ጥርስ ያንገጫግጫል። የቆርቆሮ ቤት ጠባይም ይኸው ነው። በረዶ የጣለ ዕለትማ ወሬ መሰማማት ቀረ!

ይህን ያለ ነገር አላነሳሁም። በቅርቡ ስንወጣ አብሮን የነበረው የደባርቅ ልጅ ሰርጉ ደርሷል። ቦታ አለው፤ ገንዘቡ ግን ለብሎኬት አይበቃም። እጮኛው ደግሞ «ጭቃ ቤትማ አልገባም፣ ጓደኞቼ ምን ይሉኛል?» ብላ ቁርጡን ነግራዋለች። ይበደር ወይስ ሰርጉን ያራዝም?

እሷም አልተሳሳተችም። የምናውቀው ጭቃ ቤት እንጨት ተማግሮ፣ ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ የሚመረግ ነው። ዝናብ ያጥበዋል፣ በየጊዜው ልጠፉኝ ይላል። እንጨቱስ ከየት ይምጣ? የሳንቃ በርን አስታ ለማገር መቁረጥ ግፍ ነው፤ አካባቢው እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ፓርክ ነው።

መላው ግን እዚያው ሰፈር አለ። ከደባርቅ ወጣ ብሎ፣ ገደል አፋፍ ላይ እ.ኤ.አ. በ2016 የተከፈተው የሊማሊሞ ሎጅ ግድግዳ የተጠቀጠቀ አፈር ነው። ከጭቃ ጋር እንዳታምታቱት! ጠጠርና አሸዋ ያለበት፣ ትንሽ የሚያጣብቅ አፈር ረጠብ ተደርጎ በሁለት ሳንቃ መሃል ይጨመራል፤ በየንብርብሩ ይደቀደቃል። ሳንቃው ሲነሳ ግድግዳው ቀጥ ብሎ ይቆማል። (የሰፈሩ ስም ሳንቃ በር መሆኑ ይገርማል አይደል?) ማገር የለ፣ ምርጊት የለ። ወፍራም ስለሆነ የቀኑን ሙቀት ይዞ ማታ ይለቀዋል። ከቻይና ታላቁ ግንብ ከፊሉ የተሠራው እንዲሁ ነው፤ «ፋራ ነው» የሚል ለቻይናዎቹ ይንገራቸው።

ለጣሪያው ባሕር ዛፍ ይሆናል፤ ሲቆረጥ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ውሃ ጠጪ ነውና ምንጭ አጠገብ አይተከል እንጂ።

ለልጁ «እጮኛህን ውሰድና ግድግዳውን አስነካት» ብለው፣ «መጀመሪያ እናቷን ነው የምወስደው» አለኝ። ብልጥ ነው!

ለመሞከር ያሰባችሁ ካላችሁ ግን ነገሩ ጉልበት ይፈልጋል፤ ጓደኛ ሰብስባችሁ በደቦ ካልሆነ ለብቻ አይገፋም። ዋልካ አፈር አትንኩ፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። አፈራችሁን በጠርሙስ ውሃ ውስጥ በጥብጡና አሳድሩት፤ አሸዋው ከታች፣ ሸክላው ከላይ ይዘቅጣል፣ መጠኑን በዓይናችሁ ታያላችሁ። መሠረቱ ድንጋይ ይሁን፤ ክዳኑም ከግድግዳው ራቅ ብሎ ይውጣ። መጀመሪያ ጓሮ ውስጥ አንዲት አጭር ግድግዳ አቁሙና አንድ ክረምት ትለፍባት።