ሁለት መለኪያ ኮኛክ፣ አንድ መለኪያ ሎሚ

በአገራችን ጠላ የምትጠምቀው ሴት ናት፤ ጠጅ የምትጥለውም ሴት ናት፤ ጭስ ዓይኗን እያቃጠላት አረቄ የምታወጣውም ያቺው ሴት ናት። ታዲያ ራሷ መለኪያ ካነሳች ወዲያው ሌላ ስም ይወጣላታል። (ስሙን ታውቁታላችሁ፤ እዚህ አልጽፈውም።)

የምኖረው ሀዋሳ፣ ባህል አዳራሽ ክፍለ ከተማ ነው። ኮኛክ ልገዛ ስሄድ ባለሱቁ ጠርሙሱን በአሮጌ ጋዜጣ እየጠቀለለ «ለእንግዳ ነው አይደል?» ይለኛል። «ለራሴ ነው» ስለው ሌላ ጋዜጣ ይደርብበታል። ጋዜጠኝነት ስማር ይህን የጋዜጣ ጥቅም ያስተማረኝ የለም!

ቤቴ የምሠራው መጠጥ ሳይድካር ይባላል። ኮኛክ፣ የብርቱካን ሊከር፣ ሎሚ… በቃ። አሠራሩ በ1922 እ.ኤ.አ. ለንደን በታተሙ የባር መጻሕፍት ላይ ይገኛል። ስያሜው ከሞተር ሳይክል ጎን የምትገጠመዋ የሰው መቀመጫ ስም ነው። ሀዋሳ ቢፈለሰፍ ኖሮ መቼም «ባጃጅ» ይባል ነበር።

ፈረንሳዮች ኮኛክ የሚሉት፣ ኮኛክ በተባለው አካባቢ ከወይን ጠጅ እንደ ዳግም አረቄ ሁለት ጊዜ ወጥቶ፣ ቢያንስ ሁለት ዓመት በኦክ በርሜል የቆየውን ብቻ ነው። የእኛ አገሩ ስሙን ብቻ ነው የተዋሰው። ሎሚያችንም የእነሱ ትልቁ ቢጫ ሎሚ አይደለም፤ ትንሿ፣ ጥርስ የምታጠርሰው ናት። ስለዚህ እየቀመሱ መሥራት ነው።

ሊከሩ ኪስ ስለሚጎዳ የሁለት ብርቱካን ልጣጭ (ነጩ ይቅር፣ ይመራል) በአንድ ስኒ ውሃና በአንድ ስኒ ስኳር አፍልቼ አቀዘቅዛለሁ። ከዚያ ሁለት መለኪያ ኮኛክ፣ አንድ መለኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ ከሎሚው ትንሽ ያነሰ ሽሮፕ። ክዳን ባለው የማር ብርጭቆ ከበረዶ ጋር ከድኖ እጅ እስኪደነዝዝ መናጥ፣ በሻይ ማጥለያ ማጥለል። ኮኛክን በለስላሳ የሚያጥለቀልቁ ሰዎች ኮምጣጣ ነገር ለምን እንደሚፈሩ አይገባኝም።

አከራዬ አረቄ እያወጡ ልጆች ያሳደጉ ሴት ናቸው። ሲሸጡ እንጂ ሲጠጡ ያያቸው የለም። ባለፈው «አንቺ ልጅ፣ ምንድን ነው የምትንጪው?» ብለው ገቡ። ቀዳሁላቸው። በሩን ዘግተው ቀመሱ፤ አፋቸውን አጣጣሙ።

«ሎሚው አነሰ» አሉኝ።

ጨመርኩ።