የልጄ ጎጆና የወፍ ዋሻ ጽድ

ልጅን ድሮ ጎጆ ማውጣት ለወላጅ ታላቅ ደስታ ነው። ነገር ግን ጎጆው የሚቆምበት እንጨት ከየት እንደ መጣ የሚጠይቅ አባት ጥቂት ነው። እኔም አልጠየቅሁም ነበር።

በመዘዞ በመምህርነት ሳገለግል የራሴን ቤት በሠራሁበት ዓመት አናጢው ስድስት የጽድ ምሰሶዎች ከመሸ በኋላ አስመጣልኝ። «ምስጥ አይደፍረውም፤ ለልጅ ልጅ ይተርፋል» አለኝ። ሒሳቡን ከፍዬ ዝም አልሁ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስለ ወፍ ዋሻ ደን ሳስተምር አንድ ተማሪ ተነሥቶ «መምህር፣ የእርስዎ ቤት ምሰሶ ከየት የመጣ ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ዱሮ የኔታ በጉባኤ መካከል ዜማዬን ሲያርሙኝ እንኳ እንደዚያ አላፈርሁም።

ወፍ ዋሻ ከመዘዞ በስተ ደቡብ፣ በጣርማ በር፣ በባሶና ወራናና በአንኮበር ወረዳዎች የሚገኝ ጥንታዊ ደን ነው። ጽድ፣ ዝግባ፣ ወይራና ኮሶ አሉበት። በደብረ ብርሃን የነገሡት አፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት የጽድ ዘር ከዚህ አስወስደው የመናገሻ ሱባን ደን እንዳስተከሉ በትውፊት ይነገራል። እንግዲህ ንጉሥ ዘር ከወሰደበት ደን እኛ ምሰሶ ወሰድን። እርሳቸው አንዱን ደን ሁለት አደረጉት፤ እኛ ግን አንዱንም አሳሳነው።

ጽድ ለምሰሶ እስኪደርስ ረዥም ዘመን ይፈጃል፤ ችግኙንም ከብት ይረግጠዋል። ገደሉ ሲራቆት ዝናቡ አፈሩን ጠርጎ ወደ ቆላ ያወርደዋል። ይህን የሚያደርሰው እንግዳ ጠላት አይደለም፤ እርሻ የሚያሰፋው፣ ማገዶ የሚሸጠውና እንደ እኔ ቤት የሚሠራው ነው።

አባቶቻችን በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለውን ዛፍ የአጸዱ ልብስ አድርገው ስላከበሩት፣ አገሩ ሲራቆት አጸዱ አረንጓዴ ሆኖ የቀረበት ስፍራ ብዙ ነው። በደቡብ ጎንደር አንዳንድ አጥቢያዎች ከብት እንዳይገባ በደናቸው ዙሪያ የድንጋይ ካብ ሠርተዋል። ታዲያ ከቅጥሩ ውጭ ያለውን ዛፍ የፈጠረው ሌላ ነውን?

ዘንድሮ የበኵር ልጄ ጋብቻ ደረሰ። ለጎጆው ጽድ እንደማልገዛ በተናገርሁ ጊዜ ባለቤቴ «ከአማቾቻችን ፊት አታሳንሰን» አለችኝ። አማቾቻችንም «የመምህር ልጅ በባሕር ዛፍ ቤት ይገባልን?» ብለው ቅር ተሰኙ። እኔ ግን ያን ተማሪ አስታወስሁ። ግድግዳውን በድንጋይ፣ ጣሪያውን በአፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን በገባው፣ ቢቈረጥም ዳግመኛ በሚያቈጠቍጠው ባሕር ዛፍ አሠራን። የድንጋዩ ሥራ ከጽዱ ይልቅ ብዙ ገንዘብ አስወጣን፤ ስለዚህ ለሠርጉ ያሰብነው ሰንጋ ቀረ። ባለቤቴ ጥቂት ቀን ተቀይማኝ ነበር፤ ኋላ ግን የጎጆውን ግድግዳ የለቀለቀችው እርሷ ናት።

ውድ አንባብያን፣ ልጃችሁን ጎጆ ስታወጡ አናጢውን «እንጨቱ ከየት የመጣ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የእኔ ስድስት ምሰሶዎች ዛሬም ቤቴን ተሸክመው ቆመዋል፤ ነቅዬ ወደ ደኑ ልመልሳቸው አይቻለኝም። እግዚአብሔር ቢፈቅድ ግን በመጪው ክረምት ከልጄና ከሙሽራዪቱ ጋር ስድስት የጽድ ችግኝ ለመትከል ተስማምተናል። እኔ በጥላቸው አላርፍም፤ የልጅ ልጄ ያርፍበታል።