ሒሳቡስ ይሁን፤ ሥራውስ?

 

የሒሳብ ትምህርት ክፍል የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። ለማስተርስ ምን ልማር ብዬ ስጨነቅ አንድ መምህሬ "ፋይናንሻል ኢንጂነሪንግ ላንተ የተሠራ ነው" አለኝ። የኮርሶቹን ዝርዝር ሳየው ደስ አለኝ። ፕሮባብሊቲ፣ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን፣ ፕሮግራሚንግ፤ ሁሉም የምወደው ነው። ወረድ ስል ግን የወለድ ሞዴሎች፣ የቦንድ ዋጋ አወጣጥ፣ ኦፕሽን የሚሉ መጡ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ኦፕሽን ማለት ባጭሩ አንድን ነገር ወደፊት በተቆረጠ ዋጋ የመግዛት ወይም የመሸጥ መብትን በገንዘብ መግዛት ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ብላክና ሾልስ የዚህን መብት ዋጋ የሚያሰላ ቀመር አሳተሙ፤ የትምህርቱ አንዱ ምሰሶም ይኸው ቀመር ነው። ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1992 ጅዳ ላይ ተሰብስቦ ይህ ውል እንደማይፈቀድ ወስኗል። የወለዱ ነገርማ ለማናችንም ግልጽ ነው። ታዲያ ልተወው?

እንዳልተወው ያደረገኝ የአባቴ ንግድ ነው። አባቴ ኮምቦልቻ ውስጥ እህል ነጋዴ ነው። ክረምት ላይ ጎተራው ሲራቆት ገበሬው ወይ አራጣ ይበደራል፣ ወይ እንደ አባቴ ያለ ሰው ጋ መጥቶ ሰለም ይዋዋላል። አባቴ ሙሉውን ገንዘብ ያኔውኑ ይከፍላል፤ ማሾውን ሲሰበሰብ ይረከባል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሲገቡ ሰዎቹ ተምራቸውን አስቀድመው ሲሸጡ አግኝተው፣ ስፍሩ፣ ሚዛኑና ቀኑ የታወቀ እንዲሆን አዘዋል። ሰለም ማለት ይኸው ነው።

ችግሩ ዋጋው ላይ ነው። አባቴ የሚቆርጠው በግምት ነው። በ2013 ዓ.ም ጥቅምት ላይ አንበጣው ወሎን ሲመታ ማሾው አልመጣም። ገንዘቡን መልሶ መቀበል ይችል ነበር፤ ግን እስከሚቀጥለው ምርት ታገሠ። በሌላ ዓመት ደግሞ የገበያው ዋጋ እጅግ ናረ። ገበሬው በቃሉ መሠረት አምጥቶ ሲያስረክብ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። አባቴ ከኪሱ ጨመረለትና ማታ ላይ፣ "ልጄ፣ ውሉ ሐላል ነው፤ ሆዴ ግን አልረጋም። ዋጋውን ስንቆርጥ ሁለታችንም በጨለማ ነበርን" አለኝ።

ነገ የማይታወቅን ነገር ዛሬ በስንት እንዋዋለው? ያ ትምህርት የሚያጠናው ይህንኑ ነው።

ጉዳዩን ከዐስር ሶላት በኋላ ለኡስታዛችን ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና፣ "ማወቁ አያስፈራኝም፤ መርዙን የማያውቅ ሐኪም ማርከሻውን አያገኝም። ግን ሁለት ነገር ንገረኝ። ክፍያውን ማን ይከፍልልሃል? ስትጨርስስ የማንን ሥራ ትሠራለህ?" አሉኝ። ሁለቱንም መመለስ አልቻልኩም። ውጭ አገር ለመማር ያየሁት መንገድ በወለድ የሚከፈል የትምህርት ብድር ነበር። ከዚያ ብድሩን ለመክፈል ብዬ የወለድ ቤት ውስጥ መቀጠሬ አይቀርም። አንዱ ሪባ ወደ ሌላው ይጎትተኛል። እናቴም ሦስት ታናናሾቼን ይዛ የእኔን ደመወዝ ትጠብቃለች፤ ይህን ሁሉ ስትሰማ "እኛ በረካ ያለውን እንጠብቃለን" ብላ አሳረፈችኝ።

በአገራችን ከወለድ ነፃ የባንክ አገልግሎት ከተፈቀደ ከአስር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ዘምዘምና ሂጅራም ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ሆነው ተከፍተዋል። ከሙራበሓ አልፎ ለገበሬው የሚደርስ ሰለም እንዲስፋፋ ከተፈለገ ግን ፊቅሁንም ሒሳቡንም የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል።

ስለዚህ ኢስቲኻራ ሰግጄ ወሰንኩ። የማመለክተው ሙሉ ስኮላርሺፕ ላለው ቦታ ብቻ ነው። ካልተገኘ እዚሁ ስታቲስቲክስ እማራለሁ። የማንን ሥራ እንደምሠራ ደግሞ የአባቴ ሱቅ ነግሮኛል። ከዚህ ሳምንት ጀምሮም በጀመዓችን የሙዓመላት ደርስ ላይ እቀመጣለሁ፤ በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አያ ዕዳን ስለ መጻፍ የወረደ መሆኑን ያወቅኩት ገና በዚህ ዓመት ነው፤ አፍሬያለሁ።

እናንተም ቅጽ ከመሙላታችሁ በፊት የኡስታዛችንን ሁለት ጥያቄዎች ራሳችሁን ጠይቁ። ለእኔም ዱዓ አድርጉልኝ።