በኮንግረስ የተቀመጡ ነርሶች

የነርስነት ፈቃድ ይዞ ለአሜሪካ ኮንግረስ የተመረጠ የመጀመሪያው ሰው የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። ምክር ቤቱ ያኔ ከተመሠረተ ሁለት መቶ ዓመት አልፎታል። ተመራጯ የቴክሳሷ ኤዲ በርኒስ ጆንሰን ነበሩ።

ጆንሰን በዌኮ ከተማ ተወለዱ። በወጣትነታቸው ዘመን ጥቁር ተማሪ ተቀብሎ ዕውቅና ያለው የነርስነት ትምህርት የሚሰጥ ተቋም በቴክሳስ ስላልነበረ ወደ ኢንዲያና ግዛት ሄደው ተማሩ፤ በ1956ም ጨረሱ። ዳላስ የሚገኘው የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል የቀጠራቸው ሳያያቸው ነበር። በአካል ሲቀርቡና ጥቁር መሆናቸው ሲታወቅ፣ በግቢው ሊሰጣቸው የነበረው መኖሪያ ተከለከለ። ሥራውን ግን አልተነጠቁም፤ እሳቸውም አልተዉትም። በአእምሮ ሕክምና ክፍል ለዓመታት አገልግለው የክፍሉ ነርሶች ኃላፊ ለመሆን በቁ። በ1972 ለቴክሳስ ምክር ቤት ለመወዳደር ሲነሡ ደግሞ ሌላ እንቅፋት ገጠማቸው። ሆስፒታሉ የፌዴራል መንግሥት ነበር፤ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ በፓርቲ ስም እንዳይወዳደር ደግሞ ሕግ ይከለክላል። ስለዚህ ከነደመወዙ ሥራውን ለቀቁ፤ ተወዳደሩ፤ አሸነፉ። ከ20 ዓመት በኋላ ለኮንግረስ ተመረጡና 30 ዓመት በተወካዮች ምክር ቤት ቆዩ። በመጨረሻዎቹ አራት ዓመታት የሳይንስ ኮሚቴውን በሰብሳቢነት መሩ። ከሴቶችም ሆነ ከጥቁሮች ያንን ወንበር የያዘ ከእሳቸው በፊት አልነበረም።

ተከትለዋቸው የገቡት በየራሳቸው መንገድ ነው የመጡት። የኒውዮርኳ ካሮሊን ማካርቲ ፖለቲካ ውስጥ የገቡት ከሐዘን በኋላ ነው፤ በታኅሣሥ 1993 በሎንግ አይላንድ ባቡር ላይ በተከፈተ ተኩስ ባላቸው ሲገደሉ ልጃቸው ክፉኛ ቆሰለ። በ1996 ተመርጠው ትግላቸውን በጦር መሣሪያ ሕግ ላይ አደረጉ። የካሊፎርኒያዋ ሎይስ ካፕስ የትምህርት ቤት ነርስ ነበሩ፤ የምክር ቤት አባል የነበሩት ባላቸው ሲሞቱ በ1998 ወንበሩን በምርጫ ተረከቡ።

ነርስነት ሕግን እንዴት እንደሚቀርጽ በግልጽ የሚታየው ግን በኢሊኖይዋ ሎረን አንደርውድ ሥራ ነው። በ2018 በ32 ዓመታቸው ሲመረጡ በኮንግረስ ታሪክ በዕድሜ ትንሿ ጥቁር ሴት ሆኑ። የትምህርት ቤት ጓደኛቸው፣ ራሷ የጤና ባለሙያ ሆና ሳለ፣ በወለደች በሳምንታት ውስጥ አርፋባቸዋለች። በአሜሪካ ጥቁር ሴቶች ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር በተያያዘ ምክንያት የመሞት ዕድላቸው ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ገደማ ነው፤ ትምህርትና ገቢም ከዚህ አላዳኑም። አንደርውድ በ2021 የእናቶችን ጤና የሚመለከቱ 12 ረቂቆችን በአንድ ጥቅል አቀረቡ። ረቂቆቹ የአዋላጅን እጥረት፣ የነፍሰ ጡሯን ቤትና ምግብ፣ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ሕመምን ጭምር የያዙ ናቸው። እናት ከሆስፒታል ከወጣች በኋላ ምን እንደሚደርስባት የሚያውቅ ሰው የጻፋቸው መሆናቸው ያስታውቃል። ከጥቅሉ ቀድሞ የጸደቀው በዚያው ዓመት ኅዳር የተፈረመው ሕግ ነው፤ የቀድሞ ወታደር ለሆኑ ሴቶች የወሊድ ክትትል 15 ሚሊዮን ዶላር ፈቅዷል። ገንዘቡ የሄደው ጆንሰን ወጣት ነርስ ሳሉ መኖሪያ ለነፈጋቸው ለዚያው የሆስፒታሎች መረብ ነው።

ነርስ ወደ ምክር ቤት ይዛው የምትገባው ርኅራኄን ነው ይባላል። ይህ አነጋገር ሙያውን ያሳንሳል። ሐኪሙ ጎብኝቶ ሲሄድ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሕመምተኛው አጠገብ ያለችው ተረኛዋ ነርስ ናት። ስንት አልጋ ለአንድ ነርስ እንደተመደበ፣ የትኛው መድኃኒት እንዳለቀ፣ ማን ለመክፈል አቅም አጥቶ ሳይድን እንደወጣ ቀድማ የምታውቀው እሷ ናት። የጤና በጀት የሚያስፈልገውም ይህን ዕውቀት ነው።

ቁጥሩ ግን ያሳዝናል። የተመዘገቡ ነርሶች በአሜሪካ ከ4 ሚሊዮን በላይ ሲሆኑ በ2023 በተወካዮች ምክር ቤት የነበሩት ሦስት ብቻ ናቸው። በዚያው ኮንግረስ ሐኪሞቹ ከ15 ይበልጡ ነበር። ጋሉፕ በየዓመቱ በሚያደርገው የሕዝብ አስተያየት ጥናት ከ1999 ጀምሮ በታማኝነት አንደኛ የሚወጡት ነርሶች ናቸው፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ከቀደሙበት ከ2001 በስተቀር። እምነቱ ሞልቶ ሳለ ድምፁ የሚጎድለው አንደኛ በገንዘብ ምክንያት ነው፤ ምርጫ ብዙ ሀብት ይፈልጋል፣ ሀብታሙም የሚያውቀው ጠበቃውንና ነጋዴውን ነው። ሁለተኛው የሥራው ሰዓት ነው። የ12 ሰዓት ፈረቃ ጨርሳ የወጣች ሴት በየቤቱ እየዞረች ድምፅ ለመጠየቅ ጉልበትም ጊዜም አይተርፋትም።

በዳላስ፣ በዋሽንግተንና በሌሎችም የአሜሪካ ከተሞች በነርስነት የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው። ለተወካዮች ምክር ቤት ለመወዳደር ደግሞ በትውልድ አሜሪካዊ መሆን አያስፈልግም፤ 25 ዓመት የሞላው፣ ለሰባት ዓመት ዜጋ የሆነና በሚወዳደርበት ግዛት የሚኖር ሰው ሕጉ ይፈቅድለታል።