አሮጌውን ሳጥን ማን ባዶ ያድርግ?

ሰሞኑን ማታ ማታ ጃቫ እየተማርኩ ነው። በጽሑፍ ብቻ የቤት ኪራይ መክፈል እየከበደ ስለመጣ ሁለተኛ ሙያ ልያዝ ብዬ ነው። ጀማሪ ሁሉ እንደሚያደርገው ትንሽ ጌም እሠራለሁ፤ እንደ ዳማ ገበታ በሳጥን የተከፋፈለ 20 በ20 የሆነ ሜዳ፣ በላዩም ተጫዋች፣ ድንጋይና ሳንቲም።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል፦ ተጫዋቹ ሊራመድ ሲል ቀጣዩ ሳጥን ላይ ምን አለ?

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ዕቃዎቹን ሁሉ በአንድ ዝርዝር ይዞ እያንዳንዱን «አንተ የት ነህ?» ማለት ነው። ዕቃው አድራሻውን ራሱ ይዞ ይዞራል። 50 ዕቃ ካለ እስከ 50 ጊዜ መጠየቅ ነው፤ ለትንሽ ጌም ግን ይበቃል። ሁለተኛው ለ400ዎቹ ሳጥኖች መዝገብ ከፍቶ ሳጥኑን «አንተ ላይ ማን አለ?» ማለት ነው። ረድፉንና ዓምዱን ከ0 ጀምሮ መቁጠር ብቻ ነው፤ መልሱ ወዲያው ይመጣል።

ፈጣኑ መንገድ ግን ዕዳ አለው። ዕቃው በተንቀሳቀሰ ቁጥር አሮጌውን ሳጥን ባዶ ማድረግ፣ በአዲሱ መመዝገብ ግድ ነው። የመጀመሪያው ከተዘለለ በአሮጌው ቦታ የማይታይ ድንጋይ ይቀራል፤ ሁለተኛው ከተዘለለ ድንጋዩ ቆሞ ሳለ «ማንም የለም» ይባላል።

ወዳጆቼ፣ ይህን ከኮምፒውተር በፊት እናውቀዋለን። ቀበሌ የሳጥን መዝገብ ነው። መሸኛ ማለትም ይኸው ነው፦ ከዚህ ሰርዘነዋል፣ እዚያ መዝግቡት። በሰላም ቤት ለቀየረ ሰው ይሠራል። ልጅ አዝሎ ሌሊት ከግጭት ለሸሸስ? መሸኛ የሚጽፈው ቢሮ ራሱ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ሰውየው በአሮጌው ሳጥን በስም አለ፣ በአካል የለም፤ በአዲሱ በአካል አለ፣ በስም የለም።

ባለ 12 አሃዙ የፋይዳ ቁጥር የመጀመሪያውን መንገድ ይመስላል፤ የሚከተለው ሰውን እንጂ ቤትን አይደለም። ጥሩ ጅምር ነው። ግን ማንነትን እንጂ ነዋሪነትን አይመሰክርም።

በጌም ውስጥ ድንጋዩን «ከነበርክበት ማስረጃ አምጣ» የሚለው የለም። አሮጌውን የሚሰርዘውም አዲሱን የሚጽፈውም ያው ፕሮግራሙ ነው። እኛ ጋ ይህ ሥራ የተጫነው በተፈናቃዩ ላይ ነው። መዝገብና መዝገብ ይነጋገሩ፤ ቤቱን ያጣ ሰው በመካከላቸው ወረቀት አመላላሽ አይሁን።

ቸር እንሰንብት።