ድሪቶ

«ድሪቶ» በቋንቋችን ስድብ ነው። ልብሱን ደራርቶ ለሚለብስ ድኻ ይባላል፤ ሐሳብ ከዚህም ከዚያም ለቃቅሞ ለሚጽፍ ሰውም ይባላል። የእኛ የጽሑፍ ጓደኞችም እርስ በርስ ሲተቻቹ ይህችን ቃል አይረሷትም። እኔ ግን ከመስከረም ጀምሮ ድሪቶ እየሰፋሁ ነው። ምሳሌያዊውን አይደለም፤ በመርፌና በክር የሚሰፋውን ነው።

ጥቢ ሲገባ፣ ጭቃው ሲጠነክርና ሰማዩ ሲጠራ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጨርቅ ፍለጋ እዞራለሁ። መጀመሪያ ሽሮ ሜዳ ነው። ከእንጦጦ ግርጌ የጋሞ ሸማኔዎች ሥራ ከየሱቁ በር ላይ ተሰቅሎ ሲያብረቀርቅ ሰው ሁሉ ወደ ላይ ያያል፤ እኔ ወደ ታች አያለሁ። የምፈልገው ከቀሚስ ተቆርጦ የወደቀውን የጥለት ቁራጭ ነው። ከዚያ ወደ መርካቶ እወርዳለሁ። ልብስ ሰፊዎች ከመኪናቸው ሥር የሚያጠራቅሙት እራፊ ለእኔ ወርቅ ነው፤ ፖፕሊን፣ ካኪ፣ የተማሪ ዩኒፎርም ትርፍራፊ። አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ፦

«ምን ሊሆንሽ ነው ልጄ?» አሉኝ።

«ድሪቶ ልሰፋበት ነው አባባ።»

«በስመ አብ! ተምረሽ ተምረሽ?»

ግን ማዳበሪያውን እስከ አፉ ሞሉልኝ፤ ገንዘብም አልተቀበሉኝም።

ሥራው እንዲህ ነው። እራፊው በልኩ ይቆረጥና እርስ በርሱ እየተገጣጠመ ይሰፋል፤ ይህ ላይኛው ነው። መሀሉ ላይ ሙቀት እንዲይዝ ያለቀ ጋቢ ይነጠፋል። ከሥር የአቡጀዲ ገበር ይገባል። ከዚያ ሦስቱን አንድ ላይ እየወጉ ከዳር እስከ ዳር መስፋት ነው። መኪና ያፈጥነዋል፤ እኔ ግን በእጅ ነው የምሰፋው፤ መኪና ስለሌለኝም ነው።

ይህን ሥራ ወደ ክብር ያወጡት በአሜሪካ አላባማ፣ ጂስ ቤንድ በምትባል መንደር ያሉ ጥቁር ሴቶች ናቸው። መንደሯን ወንዝ በሦስት ወገን ይከባታል። አያቶቻቸው በዚያው እርሻ ባሪያ ነበሩ፤ ብዙዎቹ ዛሬም የጌታውን ስም፣ ፔትዌይን፣ ይዘው ይጠራሉ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ለመምረጥ ልመዝገብ ብለው ሲነሡ ወደ ከተማ የሚያሻግራቸው ጀልባ በ1962 ቀረባቸው፤ የተመለሰው በ2006 ነው። እነሱ ግን ባረጀ ሱሪና በዱቄት ከረጢት ብርድ ልብስ መስፋታቸውን አልተዉም። በ1966 ማኅበር አቋቋሙ። በ2002 ሥራቸው በሂዩስተን፣ ቀጥሎም በኒው ዮርክ ሙዚየም ተሰቀለ። በ2006 የፖስታ ቴምብር ሆኖ ታተመ።

አሜሪካና አቡጀዲ ስል የትም የሄድኩ አይምሰላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1903 ሮበርት ስኪነር የሚባል የአሜሪካ መልእክተኛ አፄ ምኒልክ ዘንድ መጥቶ የንግድ ውል ሲዋዋል፣ አገሩ ለእኛ ከምትሸጠው ዋነኛው የጥጥ ጨርቅ ነበር። የአሜሪካን ጥጥ ደግሞ በብዛት የሚለቅሙት የእነዚያ ሴቶች ወገኖች ነበሩ። ሳንተዋወቅ በአቡጀዲ ተዛምደናል ማለት ነው።

አባቴ ያረፈው ባለፈው ግንቦት ነው። መካኒክ ነበር። ከአርባው በኋላ እናቴ እንደ ደንቡ ልብሱን ለነዳያን አወጣች፤ ኮቱም ሸሚዙም ጋቢውም ሄደ። ጉልበታቸው ያለቀ፣ ግሪስ ያልለቀቃቸው ሁለት ሰማያዊ ቱታዎች ብቻ ቀሩ። «ለኔ ይሁኑ፤ እሰፋቸዋለሁ» አልኳት።

«አባትሽ እናንተን ድሪቶ ላለማልበስ ነው ዕድሜውን ከመኪና ሥር ተኝቶ የጨረሰው» አለችኝ።

ለዚህ መልስ የለም። ድህነትን ማሞገስ ጠግቦ ላደረ ሰው ይቀላል። የጂስ ቤንድ ሴቶችም የሰፉት ለሙዚየም ብለው ሳይሆን በቤታቸው ግድግዳ ቀዳዳ ነፋስ ስለሚገባ ነው። ስለዚህ አልተከራከርኳትም፤ ቱታዎቹ ተጣጥፈው ቁም ሣጥን ላይ ከረሙ።

በመስከረም አንድ ማታ የሚዙሪ ፔትዌይን ነገር አነሣሁላት። ይህች ሴት እ.ኤ.አ. በ1942 ባሏ ሲሞትባት የሥራ ልብሱን ቀዳ ብርድ ልብስ ሰፋች፤ እሱን እያስታወሰች ልትለብሰው። እናቴ ዝም ብላ ሰማችኝና «ልጆች ነበሯት?» አለች።

«ነበሯት፤ ታሪኩን የተናገረችው ልጇ ናት።»

ሌላ አላለችም። በማግሥቱ ከትምህርት ስመለስ ቱታዎቹ ታጥበው አልጋዬ ላይ ተቀምጠዋል።

ኪሱን ስፈታ ከሥሩ ፀሐይ ያላየው፣ ደማቅ ሰማያዊ ጨርቅ ወጣ። ዙሪያው ነጥቶ እሱ ብቻ እንደ አዲስ ነው። እናቴ በጣቷ ዳሰሰችው። «ሲገዛው እንዲህ ነበር» አለች፤ ቆየት ብላም፣ «ይኼን መሀሉ ላይ አድርጊው» አለችኝ።

መሀሉ ላይ አድርጌዋለሁ። ዙሪያውን የሽሮ ሜዳ ጥለትና የመርካቶ ካኪ ከቦታል። እናቴ እስከ ዛሬ ድሪቶ ብላ አትጠራውም፤ «የአባትሽ ብርድ ልብስ» ነው የምትለው። እኔ ግን ድሪቶ እለዋለሁ፤ ቃሉም ቢሆን ከወደቀበት ሊነሣ ይገባል። ሦስት ረድፍ ይቀረኛል፤ የኅዳር ብርድ ሳይጠነክር እጨርሰው ይሆናል። ቤቱ የተቀደደ ካኪ ያለው ጓደኛ ቢኖር፣ እባካችሁ እንዳትጥሉት።